ወንጀሉ ቢነሳ ሐቁ ይነሳልን?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከአንድ ሻይ ቤት ወለል የተነሳ ነው። መርካቶ ውስጥ ከወዳጄ ጋር ሻይ ይዘን ስንጨዋወት የዐስር አዛን ተሰማ። ጀመዓው እንዳያመልጠን ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ በችኮላ ስነሳ እግሬን አንድ ነገር ጠለፈው። ከኋላችን የተቀመጠ ወጣት ስልኩን ከግድግዳው ሶኬት ሰክቶ ገመዱ በመተላለፊያው ላይ ተወጥሮ ኖሯል። ገመዱ በእግሬ ሲሳብ ስልኩ ከጠረጴዛው ተስፈንጥሮ ሴራሚኩ ላይ በፊቱ ተደፋ። ሲነሳ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል። «አውፍ በለኝ ወንድሜ፣ አላየሁትም» አልኩት። ልጁ ስልኩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገና ቀና ብሎ ሳያየኝ «ችግር የለም ጋሼ» አለኝ።

ወዳጄ ክንዴን ይዞ «ገመድ መንገድ ላይ ዘርግቶ ማንን ሊወቅስ ነው? ይልቅ ሶላቱ እንዳያመልጠን» አለ። ሒሳብ የሚቀበለው ሰው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ከራሱ በላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳየን። ቤቱ ለሚጠፋም ሆነ ለሚበላሽ ዕቃ ኃላፊነት እንደማይወስድ የሚገልጽ ማስታወቂያ ነው። እንግዲህ ሦስታችንም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነፃ ወጣን። እኔ አላየሁም፣ ወዳጄ ጥፋቱን ለልጁ ሰጠው፣ ቤቱ ደግሞ አስቀድሞ በጽሑፍ ነፃ ወጥቷል። ከተሰበረ ስልክ ጋር የቀረው ልጁ ብቻ ነው።

ጀመዓው ላይ ደረስን፤ አልሐምዱ ሊላህ። ነገር ግን ሩኩዕ ባደረግሁ ቁጥር ያ የተሰነጣጠቀ መስታወት ዐይኔ ላይ ይመጣል። ወደ አላህ ሐቅ የሮጥኩት የባሪያውን ሐቅ ከኋላዬ ጥዬ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ። ከሶላት በኋላ መስጊዱ ውስጥ የሚያስቀሩ አንድ ኡስታዝ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ከነዝርዝሩ ነገርኳቸው። የሚቀጥለው ጽሑፍ እሳቸው ያመላከቱኝን ይዤ ከዚያ ወዲያ በግሌ ያነበብኩትና ያሰብኩበት ነው። ፈትዋ አይደለም፤ ፈትዋ የሚሰጡ ሰዎች አሉ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሳላውቅ ነው» ስንል ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። በእርግጥም አላህ በስህተት በሠራነው ነገር ወንጀል እንደማይጽፍብን በሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አያ ላይ እናገኛለን። በስህተት፣ በመርሳትና በመገደድ የሚፈጸም ነገር ከዚህ ኡመት እንደተነሳም በኢብን ማጃህ ዘንድ የተዘገበ ሐዲስ አለ። የተነሳው ግን ምንድን ነው? ዑለማኦች የሚመልሱት የተነሳው ወንጀሉ እንጂ የሌላው ሰው ሐቅ አይደለም ብለው ነው። ከሁሉ የከበደውን ምሳሌ እንውሰድ። በሱረቱን ኒሳእ 92ኛው አያ መሠረት ሰው በስህተት የገደለ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቆጠርም፤ ይሁንና ከፋራው አለበት፣ የሟች ቤተሰብም ካልተወው በስተቀር ዲያ ይገባዋል። በነፍስ ላይ «ሳላውቅ ነው» ማለት ከፋዩን ካላዳነው በስልክ መስታወት ላይ እንዴት ሊያድነው ይችላል?

ስለ ተሰበረ ዕቃ ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው የሳህኑን ታሪክ ነው። የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናቶቻችን በአንዷ ቤት ሳሉ ሌላዋ በአገልጋይ እጅ ምግብ በሳህን ትልካለች። የቤቱ ባለቤት በቅናት የአገልጋዩን እጅ ስትመታው ሳህኑ ወድቆ ይሰበራል። ነቢዩ ስባሪውንና ምግቡን ሰበሰቡ፣ የነገሩም ምክንያት ቅናት መሆኑን ለተሰበሰቡት ተናገሩ። ከዚያም ከዚያው ቤት ደህና ሳህን አስወጥተው ለባለ ሳህኗ ላኩ፤ የተሰበረውም በሰባሪዋ ቤት ቀረ። ቡኻሪ ከአነስ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ነው። እኔን የሚደንቀኝ ነገሩ የተፈጸመበት ቅደም ተከተል ነው። አገልጋዩ ባዶ እጁን አልተመለሰም። በዚያ ቤት የነበረው ፍቅርና መከባበር ሳህኑን «በቤተሰብ መካከል ነው» በሚል ዋጋ አላሳጣውም። እርግጥ ነው፣ ይህ ታሪክ የኔን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም፤ የአገልጋዩ እጅ የተመታው ሆን ተብሎ ነውና። እኔ ግን ገመዱን አላየሁትም።

ለዚህ መልሱ ፉቀሃዎች ዘንድ ነው። ኡስታዙ ያሳዩኝ መጀለቱል አሕካሚል ዐድሊያ የሚባለውን የኦቶማን ድንጋጌ ነው። አሕመድ ጀውደት ፓሻ የመሩት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 ባለው ጊዜ የሐነፊን መዝሀብ መሠረት አድርጎ በ16 መጻሕፍትና በ1851 አንቀጾች ያዘጋጀው ነው። ይህን መጽሐፍ የከፈተ መርካቶን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ሊመስለው ይችላል። አንቀጽ 926 በሕዝብ መንገድ ላይ ሁሉም ሰው የማለፍ መብት እንዳለው ይደነግግና አንድ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ይኸውም ሊጠነቀቁት በሚቻል ነገር ሌላውን አለመጉዳት ነው። ምሳሌውም ተሸካሚ ነው። ሸክሙ ከጀርባው ወድቆ የሰው ዕቃ ቢያበላሽ ተሸካሚው ይከፍላል። ሌላው ምሳሌ አንጥረኛ ነው። ብረት ሲቀጠቅጥ የፈነጠቀው ብልጭታ የመንገደኛ ልብስ ቢያቃጥል አንጥረኛው ይከፍላል። ምናለሽ ተራ ብየዳ በሚበየድበት በራፍ ያለፈ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። «ዞር በሉ» ብሎ መጮህ ብቻውን ሸማን አይተካም።

አንቀጽ 913 ደግሞ የእኔኑ ጉዳይ ይመስላል። ሰው አዳልጦት ወድቆ የሌላውን ዕቃ ቢሰብር ተጠያቂ ነው ይላል። መውደቅ የፈለገ ሰው የለም፤ የሚወድቅ ሰው እንዲያውም የሚታዘንለት ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው የጠፋው በእርሱ አካል ነው፣ የጠፋበትም ሰው ምንም አላደረገም። ከሁለት ካላጠፉ ሰዎች አንዱ ኪሳራውን መሸከም ካለበት ዕቃው በእጁ የጠፋበት እንዲሸከመው ሸሪዓው ወሰነ። መጀላው በሐነፊ መዝሀብ ላይ ቢቆምም በቀጥታ በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው ቢያስብም ባያስብም ይከፍላል የሚለው ሥረ ነገር የሻፊዒዮቹም ነው። ስለዚህ የሐረሩ ሰው ከወሎው ሰው ጋር በዚህ አይለያይም።

እግረ መንገዴን ስለ መስጊድ ጫማ አንድ ነገር ልበል። አንቀጽ 914 የሌላውን ንብረት የራሱ መስሎት ያጠፋም ሰው ይከፍላል ይላል። ከጁምዓ በኋላ የራሳችን የመሰለንን ጫማ ተጫምተን ሄደን ቤታችን ስንደርስ «የኔ አይደለም» ካልን በኋላ ምን እናደርጋለን? አብዛኞቻችን የኛንም ሌላ ሰው ወስዶት ይሆናል ብለን እንጫማዋለን። ልውውጡን ግን ማንም አልተስማማበትም። ጫማው እስኪመለስ ድረስ በእጃችን የሰው ንብረት ነው፤ ሶሉ ቢላቀቅ ዕዳው የኛ ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ወዳጄ ያነሳው ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ገመዱን መንገድ ላይ የዘረጋው ልጁ ነው። ፊቅህ በቀጥታ ያጠፋውን «ሙባሺር»፣ ለጥፋቱ ሰበብ የሆነውን ደግሞ «ሙተሰቢብ» ይለዋል። የመጀመሪያው ባያስብም ይከፍላል። ሁለተኛው የሚከፍለው ሆን ብሎ ወይም ድንበር አልፎ ከሆነ ነው። መንገድ መዝጋት ደግሞ ድንበር ማለፍ ነው። አንቀጽ 927 ያለ ባለሥልጣን ፈቃድ በሕዝብ መንገድ ላይ ድንጋይ ወይም የግንባታ ዕቃ ያስቀመጠ፣ ወይም ዘይት የመሰለ የሚያዳልጥ ነገር የደፋ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። የሱቃቸውን በራፍ አጥበው የሳሙናውን ውኃ አስፋልት ላይ የሚለቁ ነጋዴዎቻችን ይህን ቢያውቁት መልካም ነበር። ታዲያ በመተላለፊያ ላይ ገመድ የዘረጋስ? መንገድ ላይ ያለ መብት የተቀመጠ ዕቃ ቢረገጥ የረጋጩ ዕዳ ሊቀልል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሊወድቅ እንደሚችል ኡስታዙ አልካዱም። «ነገር ግን» አሉኝ፣ «ሻይ ቤት የሕዝብ አስፋልት አይደለም። ልጁ የተቀመጠው በባለቤቱ ፈቃድ ነው፣ ሶኬቱም ለደንበኛ የተተወ ነው። አንተም ያለፍከው በመብትህ ነው። እንዲህ ያለውን ሱልሕ ነው የሚፈታው።»

በዚህ ላይ የአል-በራእ ኢብን ዓዚብ (ረ.ዐ.) ግመል ትዝ ይለኛል። ግመሏ የሰው አትክልት ቦታ ገብታ ስታበላሽ የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡት ፍርድ በቀን አትክልቱን የመጠበቅ ግዴታ የባለ አትክልቱ፣ በሌሊት ከብቱን የመጠበቅ ግዴታ የባለ ከብቱ እንዲሆን ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ጥንቃቄ በቦታና በጊዜ የሚከፈል መሆኑን ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለ ዕቃ እንዳይነካ መጠንቀቅ የመንገደኛው፣ መተላለፊያው ላይ ዕቃ እንዳይውል መጠንቀቅ የተቀማጩ ነው። የልጁ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ገመዱ ግን መተላለፊያው ላይ።

ለእንዲህ ያለው መካከለኛ ጉዳይ መጀላው የሚያስገርም ምሳሌ አለው፤ አንቀጽ 915 ነው። አንድ ሰው የሌላውን ልብስ ጎትቶ ቢቀድ ሙሉ ዋጋውን ይከፍላል። ነገር ግን በልብሱ ጫፍ ላይ ሳያውቅ ተቀምጦበት ባለልብሱም የተቀመጠበት መኖሩን ሳያውቅ ድንገት ሲነሳ ቢቀደድ፣ የተቀመጠው ሰው የሚከፍለው ግማሹን ነው። በሚኒባስ የኋላ ወንበር አራት ሆኖ የሚሄድ ሕዝብ ይህን አንቀጽ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። የእህቶቻችን ጅልባብና ነጠላ ስንት ጊዜ በዚህ ሁኔታ ተተርትሯል! በሁለት ሰው እንቅስቃሴ የተበላሸ ነገር በሁለት ይከፈላል።

ስለ ቤቱ ማስታወቂያ ደግሞ ባጭሩ። ዕቃውን ራሱ ይዞ የተቀመጠ ደንበኛ ለቤቱ አደራ አልሰጠም፤ ስለዚህ ቤቱ ባይለጥፍም በዚህኛው ስልክ አይጠየቅም ነበር። «ቦርሳህን እዚያ አስቀምጠው» ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በቃል ባይነገርም አደራ ሆኗል። አደራ ተቀባይ ደግሞ ሳያጠፋና ችላ ሳይል ከጠፋበት አይከፍልም። ለጥበቃው ክፍያ የሚቀበል ከሆነ ግን መከላከል ይቻል በነበረ ምክንያት ለጠፋው ይከፍላል፤ በመጀላው አንቀጽ 777 እንዲህ ተቀምጧል። ካርድ ሰጥቶ ሳንቲም የሚቀበል የመኪና ጠባቂ ወይም የዕቃ ማስቀመጫ ቤት ወረቀት ስለለጠፈ ብቻ ከአደራ ሊወጣ ከፈለገ መጀመሪያ ሳንቲሙን መተው ነበረበት።

የአገራችንስ ሕግ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2027 ጀምሮ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ይዘረዝራል። በአንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ሊክስ ይገባዋል። ጥፋት ሲባል ቸልተኝነትም ይገባበታል። በአካል ላይ ለሚደርስ ጉዳት አንቀጽ 2067 ጥፋት ባይኖርም ኃላፊነትን ያስከትላል፤ ለንብረት ግን በመደበኛው የሚጠየቀው «አጥፍተሃል ወይ?» ተብሎ ነው። እዚህ ላይ ነው ሸሪዓውና ሕጉ በሚገባ የሚለያዩት። ዳኛ ፊት ብቀርብ «መተላለፊያ ላይ ገመድ ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ የለም» ብዬ ልረታ እችል ይሆናል። ክሱም በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ አንቀጽ 2143 ነው። የአኼራው ሒሳብ ግን ይርጋ የለውም። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን ሥልጣን ጋብቻን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና መሰል ጉዳዮችን እንጂ የተሰበረ ዕቃን አይመለከትም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ፊቅሁን የሚያስፈጽም ዳኛ ከሰውዬው ራስ በቀር የለም።

ልጆችን በሚመለከትም ልዩነት አለ። ሕጉ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላጠፋው አባቱን ይጠይቃል፤ በመጀላው ደግሞ የሚከፈለው ከልጁ ከራሱ ገንዘብ ነው፣ ከሌለውም እስኪኖረው ይጠበቃል። እኔ አባት እንደመሆኔ የሕጉን እመርጣለሁ። ልጄ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ሲሯሯጥ የጎረቤትን ብርጭቆ ቢሰብር ባለ ብርጭቆዋን «አድጎ ይከፍልሽ» ልላት አልችልም።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። ልጁ «ችግር የለም» ብሎኛል። ይህ ይበቃል? አንድ ሙስሊም ያለውን ሐቅ መተው ይችላል፤ ከተወም ዕዳው ወድቋል። ነገር ግን የሰው ገንዘብ የሚፈቀደው ነፍሱ ወዳ ሲሰጥ ነው። ሰው በተሰበሰበበት፣ ሻይ ቀጂው፣ ሒሳብ ተቀባዩና የኔ ወዳጅ ሁሉም እያዩት፣ ታላቁ የሆነ ሰው አውፍ በለኝ እያለው፣ የኛ ልጅ ሌላ ምን ሊል ይችላል? አስተዳደጋችን «ችግር የለም» እንዲል እንጂ «ክፈለኝ» እንዲል አላስተማረውም። በሐያእ የተወሰደ ገንዘብ በጉልበት እንደተወሰደ የሚቆጥሩ ዑለማኦች አሉ። እኔ የልጁን ይሉኝታ ለራሴ እንደ ደረሰኝ ቆጥሬ ኪሴ ከትቼው ነበር የሄድኩት። ኡስታዙም መጨረሻ ላይ ያሉኝ «ከኔ ምን ትፈልጋለህ? ሂድና ልጁን ፈልገው» ብቻ ነው።

ፈለግሁት። ሻይ ቤቱ ሁለት ቀን ተመላለስኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሻይ ቀጂው ልጁ የሚውልበትን ሱቅ ነገረኝ። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ልወቅሰው የመጣሁ መስሎት ይሆናል። «ስለ ስልኩ ነው፤ የሚያስወጣውን ልከፍል ነው የመጣሁት» ስለው ዐይኑ እንባ አዘለ። ስልኩ የእሱ አይደለም። የታላቅ እህቱ ነው፤ ለአንድ ቀን አስቸግሮ የተዋሰው ነው። እሷም እንጀራ እየጋገረች ለየቤቱና ለየምግብ ቤቱ የምታከፋፍል ስትሆን ትዕዛዝ የምትቀበለው በዚያ ስልክ ነው። ቤት ሄዶ «ከእጄ አመለጠኝ» ብሏታል።

እንግዲህ «ችግር የለም» ያለው የስልኩ ባለቤት አልነበረም። የማን መሆኑን ሳልጠይቅ በሌላ ሰው ንብረት ላይ አውፍ ተብዬ ነበር የሰገድኩት።

አብረን ስልክ የሚጠግን ልጅ ዘንድ ሄድን። መስታወቱን ለመቀየር የጠየቀን ዋጋ ለእኔም ቀላል አልነበረም፤ ለልጁማ የማይታሰብ ነው። ከፈልኩና ስልኩን ይዘን እህቱ ቤት ሄድን። ምጣዷ ላይ ነበረች። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገርኳት፤ በነዚያ ቀናት ደውለው ያጧት ደንበኞች እንዳሉም ጠየቅኋት። ሁለት ምግብ ቤቶች ከሌላ ሴት መውሰድ ጀምረዋል። ብዙዎቹ የቀድሞ ፉቀሃዎች ገና እጅ ያልገባን ትርፍ ከጠፋ ዕቃ ጋር እንደማይቆጥሩት ኡስታዙ ነግረውኝ ነበርና በዚህኛው አውፍ እንድትለኝ ብቻ ለመንኳት። ጥቂት ዝም አለች።

«ደንበኛው የአላህ ሪዝቅ ነው፤ አውፍ ብዬሃለሁ» አለችኝ። ከዚያም እጇን አብሳ ለጠጋኙ ስንት እንደከፈልኩ ጠየቀችኝ። ስነግራት ከመደርደሪያው ላይ ከቆርቆሮ ውስጥ ብር አውጥታ ግማሹን ቆጠረችልኝ። አልቀበልም አልኩ።

«ተቀበል ወንድሜ። ገመዱን መተላለፊያ ላይ የዘረጋው እሱ ነው፤ እኔ የሱን ከሱ እቀበላለሁ» አለችና ወንድሟን አየችው። እሱም መሬት መሬቱን ያይ ነበር።